ከሁለቱም ዝርዝር የሚጠፉ ረድፎች

የቅድመ ወሊድ ክትትል የሚመዘገብበት አንድ ሰንጠረዥ እናስብ። የ10 እናቶች መዝገብ አለበት። ከዓምዶቹ አንዱ እናትየዋ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰድ አለመውሰዷን ይይዛል። አምስቱ ላይ «ትሩ» (እውነት)፣ ሁለቱ ላይ «ፎልስ» (ሐሰት) ተሞልቷል። የቀሩት ሦስቱ ላይ ምንም የለም፤ ነል ነው። ወይ ካርዱ ላይ አልተጻፈም፣ ወይ መረጃውን ያስገባው ሠራተኛ ዘሎታል፣ ወይ እናትየዋ ራሷ አታስታውስም።

አዋላጅ ነርሷ «ያልተከተቡትን አውጣልኝ» ትላለች። በጃንጎ፣ ማለትም በፓይተን ቋንቋ የድር ሲስተም በሚሠራበት ፍሬምወርክ፣ የሚሠራ ሰው ይህን በሁለት መንገድ ሊጽፈው ይችላል። ፊልተር ብሎ ክትባቱ ፎልስ የሆነባቸውን ቢጠይቅ ሁለት እናቶች ይወጡለታል። ኤክስክሉድ ብሎ ክትባቱ ትሩ የሆነባቸውን ቢያስቀር ደግሞ አምስት ይወጣሉ። ሁለቱም ያለ ኤረር ይሠራሉ፣ ሁለቱም ኮድ ሪቪው ያልፋሉ፣ ለሚያነባቸውም አንድ ነገር የሚሉ ይመስላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሦስት ሴቶች ናቸው።

ነል ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናስበው ፕሮግራሙን የሚጥለውን ነው፤ ጃቫ ላይ «ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን» እያለ የሚጮኸውን። እሱ ቢያንስ ይጮሃል፤ ሎጉ ላይ መስመሩ ይገኛል፣ ማታውኑ ይስተካከላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያሳስበኝ የማይጮኸው ነው። ረድፉ ከዝርዝሩ በጸጥታ ይጠፋል፣ ሪፖርቱ ይታተማል፣ ቁጥሩ ወደ ወረዳ ይላካል። በፊልተር ከተጠየቀ ሦስቱ እናቶች «ከተከተቡት» ውስጥ የሉም፣ «ካልተከተቡት» ውስጥም የሉም፣ ስለዚህ ማንም አይደውልላቸውም። ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጉዳይ ከአፈጻጸም ፍጥነትም ከኮድ ውበትም አስቀድሞ ቢይዘው እወዳለሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነሎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ነል ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብሊው የተባለውን ቋንቋ ሲነድፍ ወደ ምንም የማያመለክት ሪፈረንስ አስገባ፤ በ2009 ለንደን ላይ በተደረገ ኮንፈረንስ ራሱ «የቢሊዮን ዶላር ስህተቴ» ብሎ ጠርቶታል። ሁለተኛው የዳታቤዙ ነል ነው። ኤድጋር ኮድ የአይቢኤም ተመራማሪ ሳለ በ1970 መረጃን በሰንጠረዥ የሚያደራጀውን የሪሌሽናል ሞዴልን አስተዋወቀ፤ በ1979 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ የጎደለ መረጃ በነል እንዲወከልና ማነጻጸሩም በሦስት እሴት ሎጂክ (እውነት፣ ሐሰት፣ አይታወቅም) እንዲዳኝ ሐሳብ አቀረበ። በ1985 ካወጣቸው የታወቁ ደንቦች ሦስተኛው፣ ዳታቤዙ ነልን ከባዶ ጽሑፍም ከዜሮም ለይቶ፣ በሁሉም የዳታ ዓይነት ላይ ወጥ በሆነ መንገድ እንዲይዝ ያዝዛል። በ1990 መጽሐፉ ላይ ከዚህም አልፎ ጎደሎውን ለሁለት ከፈለው፤ መኖር ያለበት ግን የማይታወቅ አንድ ምልክት፣ ጭራሽ የማይመለከተው ደግሞ ሌላ ምልክት እንዲኖረው። ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ፣ ኤስኪውኤል፣ ሁለቱን ምልክቶች አልወሰደም፤ እስከ ዛሬ በአንዱ ነል ይሠራል። የኤድጋር የቅርብ ባልደረባ የነበረው ክሪስ ዴት እንዲያውም ነል ከሪሌሽናል ሞዴል ፈጽሞ መውጣት አለበት ብሎ ለአሥርት ዓመታት ተከራክሯል። ክሪስን ሳነብ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ሥራ ላይ ስመለስ ግን እውነተኛ ቅጽ የሚሞላው ሰው የማያውቀው ነገር ስላለ ነልን ማባረር አልችልም።

የቶኒ ነል «እዚህ ምንም የለም» ይላል። ፓይተን ላይ ነንን (የፓይተንን ነል) ከነን ጋር ብታነጻጽሩት መልሱ ትሩ ነው፤ ሁለቱም ባዶ ናቸውና። የኤድጋር ነል ግን «አላውቅም» ይላል። የሁለት እናቶች ስልክ ቁጥር ካልታወቀ ቁጥራቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም፣ የተለያየ ነው ማለትም አይቻልም። ስለዚህ ኤስኪውኤል ነል እና ነልን ሲያነጻጽር መልሱ ትሩም ፎልስም ሳይሆን «አንኖውን» (አይታወቅም) ይሆናል። የኤስኪውኤል ማጣሪያ የሆነው «ዌር» ደግሞ ትሩ የሆኑትን ብቻ ያሳልፋል። የአንኖውን ተቃራኒም ራሱ አንኖውን ስለሆነ ጥያቄውን ብትገለብጡትም ረድፉ አይመለስም፤ የጃንጎ ኤክስክሉድ እንዴት እንደሚመልሰው በኋላ እናያለን። ሦስቱ እናቶች ከሁለቱም ዝርዝር የጠፉበት ምክንያት ይኸው ነው።

እንግዲህ ኦአርኤም፣ ማለትም የዳታቤዝ ረድፎችን ወደ ፕሮግራሙ ኦብጀክት የሚለውጠው መሣሪያ (ጃንጎ ውስጥም አለ)፣ የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ከዳታቤዝ ሲያነብ የኤድጋርን ነል ወደ ቶኒ ነል ይለውጣል፣ ሲጽፍ ደግሞ መልሶ ይለውጣል። አንድ ረድፍ ዳታቤዝ ውስጥ ሳለ በሦስት እሴት ይዳኛል፤ ፓይተን ውስጥ ገብቶ ኦብጀክት ሲሆን በሁለት። አሥሩን እናቶች በሙሉ አምጥታችሁ ፓይተን ላይ «ክትባቱ ኖት ከሆነ» ብላችሁ ብታጣሩ አምስት ታገኛላችሁ፤ ነን ለፓይተን እንደ ሐሰት ይቆጠራልና። ያንኑ ማጣሪያ ለማፍጠን ብላችሁ ወደ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ ወደሚላከው ጥያቄ) ወስዳችሁ «ክትባቱ ፎልስ» ብትሉት ሁለት ይሆናሉ። ፍጥነት ለመጨመር የተደረገ ማስተካከያ የሪፖርቱን ትርጉም ቀየረ ማለት ነው። ቴስቱ ውስጥ ነል ያለበት ረድፍ ከሌለ ደግሞ ማንም አያይም።

የኦአርኤሞቹ ሠሪዎች ይህን ክፍተት ያውቁታል፤ ችግሩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ መፍታታቸው ነው። ያንኑ «ክትባቱ ትሩ ያልሆነ» የሚል ጥያቄ የሩቢው አክቲቭ ሪከርድ በ«ዌር ኖት» ሲጽፈው ተራ የ«አይተካከልም» ማነጻጸሪያ ያወጣል፤ ሁለት እናቶች። ኤስኪውኤል አልኬሚም እንዲሁ፤ የጻፋችሁትን ሳይጨምር ሳይቀንስ ወደ ኤስኪውኤል ያወርደዋል። የማይክሮሶፍት ኢንቲቲ ፍሬምወርክ ኮር ግን የሲ ሻርፕን ትርጉም ለመጠበቅ ሲል በራሱ «ወይም ነል ከሆነ» የሚል ይጨምራል፤ አምስት እናቶች። ይህን የማይፈልግ ሰው የሪሌሽናል ነል የሚለውን ሴቲንግ ማብራት አለበት። ከአንዱ ፍሬምወርክ ወደ ሌላው የተሻገረ ቡድን ኩዌሪዎቹን ቃል በቃል ቢያስተላልፍ እንኳ ውጤቱ ይለያያል።

ጃንጎ የሚያደርገውን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ኤክስክሉድ ስትሉ፣ ዓምዱ ነል የሚፈቅድ ከሆነ፣ የሚወጣው ኤስኪውኤል ሲነበብ «ክትባቱ ትሩ የሆነና ነል ያልሆነ» የሚለውን ቅንፍ ውስጥ አስገብቶ ከፊቱ «ኖት» ያደርግበታል። መጀመሪያ ስታዩት የተደገመ ይመስላል፤ ትሩ ከሆነ ነል አለመሆኑ ግልጽ ነውና። ነል ባለባት እናት ላይ ግን አስሉት። የመጀመሪያው ግማሽ አንኖውን ነው። ሁለተኛው ግማሽ፣ «ነል አይደለም» የሚለው፣ በእርግጠኝነት ፎልስ ነው። አንኖውን «እና» ፎልስ፣ ፎልስ ይሆናል፤ አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላው ምንም ይሁን ምን ድምሩ ውሸት ነውና። ቅንፉ ፎልስ ከሆነ ከፊቱ ያለው ኖት ወደ ትሩ ይገለብጠዋል፣ እናትየዋም ዝርዝሩ ውስጥ ትገባለች። በአንዲት ትርፍ በምትመስል ሐረግ ጃንጎ የሦስት እሴቱን ዓለም ወደ ሁለት እሴት መልሶታል። ይህን ያሰበው ሰው የሚጠቀመውን ሰው አስቦ ነበር ብዬ አምናለሁ። የኩዌሪሴቱን (ጃንጎ ላይ የተጻፈውን ጥያቄ) ኤስኪውኤል አውጥቶ ማተም የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ነል የሚፈቅድ ዓምድ ያለበትን እያንዳንዱን ኤክስክሉድ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ አውጥታችሁ እንድታዩት አጥብቄ እለምናለሁ።

ያው ጃንጎ ግን ሌላ ቦታ ላይ አያድናችሁም። ለፊልተር የምትሰጡት ሊስት ውስጥ ነን ቢኖር፣ ለምሳሌ «ቀበሌ 03 ወይም ያልተሞላ» ለማለት ሁለቱን በአንድ ሊስት ብታስገቡ፣ ነንን ከሊስቱ ያወጣዋል፤ ቀበሌያቸው ያልተሞላላቸው አይመጡም። አክቲቭ ሪከርድ ያንኑ ሊስት «ቀበሌ 03 ወይም ቀበሌ ነል» ብሎ በትክክል ይተረጉመዋል። የጃቫው ሃይበርኔት ላይ ደግሞ «ቀበሌ እኩል ነው ከዚህ ፓራሜትር ጋር» የሚል ኤችኪውኤል (የሃይበርኔት የመጠየቂያ ቋንቋ) ጽፋችሁ ፓራሜትሩ ነል ሆኖ ቢመጣ አንድም ረድፍ አይመለስም፤ ከነል ጋር የሚተካከል የለምና።

ከሁሉ የከፋው «ኖት ኢን» (ከዝርዝሩ ውስጥ የሌለ) ነው። «ምንም ቀጠሮ ያልተያዘላቸውን እናቶች አሳየኝ» የሚለውን ብዙ ሰው የሚጽፈው የቀጠሮ ሰንጠረዡን የእናት መለያ ቁጥሮች በሰብኩዌሪ (በጥያቄ ውስጥ ባለ ጥያቄ) አውጥቶ እነሱን በማስቀረት ነው። ሥራው ለወራት በትክክል ይሄዳል። አንድ ቀን ካርድ ያላወጣች እናት ትመጣና ቀጠሮዋ የእናት መለያው ነል ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዝርዝሩ ጭራሽ ባዶ ይሆናል። ምክንያቱም ዳታቤዙ ለእያንዳንዷ እናት «መለያሽ ከእነዚህ ከሁሉም የተለየ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነሉ ጋ ሲደርስ «አላውቅም» ስለሚል፣ ለማንኛዋም እርግጠኛ «አዎ» ሊሰጥ አይችልም። ባዶ ዝርዝር ደግሞ የምሥራች ይመስላል፤ ሁሉም ቀጠሮ የተያዘላቸው ይመስላል። እዚህ ላይ አቋሜ የጸና ነው፦ ነል ሊመጣበት በሚችል ሰብኩዌሪ ላይ ኖት ኢን አይጻፍ። ጃንጎ ከ1.11 ጀምሮ «ኤግዚስትስ» እና «አውተርሬፍ» አሉት፤ «ይህችን እናት የሚጠቅስ ቀጠሮ የለም» ብሎ መጻፍ ነሉን ከጨዋታው ያስወጣዋል፣ ሐሳቡንም የበለጠ በግልጽ ይናገራል።

ድምርና አማካይ ላይ ጉዳዩ ከኩዌሪ አጻጻፍ አልፎ የእውነት ጉዳይ ይሆናል። ኤስኪውኤል ላይ ምንም ረድፍ ከሌለ ድምሩ ዜሮ ሳይሆን ነል ነው፤ ጃንጎም ነን ይመልሳል፣ ቴምፕሌቱም ላይ «ነን» ተብሎ ይታያል። ጃንጎ 4.0 ለዚህ ብሎ በድምር ፈንክሽኖቹ ላይ «ዲፎልት» የሚል አማራጭ አመጣ፤ ከዚያ በፊት ሁላችንም ነልን በሌላ እሴት በሚተካው ኮአሌስ እየጠቀለልን ዜሮ እናደርገው ነበር። የሽያጭ ገንዘብ ከሆነ ዜሮ ማድረግ ትክክል ነው፤ ያልተሸጠ ነገር ገቢው ዜሮ ነው። የበሽታ ሪፖርት ከሆነ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። አራት ጤና ኬላዎች የሳምንቱን የወባ ቁጥር ይላኩ እንበል። አንዱ 12፣ አንዱ 8፣ አንዱ 0 ላከ፤ አራተኛው ምንም አላከም። ኤስኪውኤል አማካዩን ሲያሰላ ነሉን ትቶ ለሦስት ያካፍላል፤ 6.7 ገደማ። ነሉን በኮአሌስ ዜሮ ካደረጋችሁት ለአራት ይካፈልና 5 ይሆናል። የወባ መጠኑ ቀነሰ ተብሎ ይነበባል፤ የሆነው ግን አንድ ኬላ ዝም ማለቱ ብቻ ነው። የዝምታው ምክንያት ደግሞ ወረርሽኙ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ በሕመምተኛ የተጨናነቀች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሪፖርት ለመሙላት ጊዜ አይኖራትም።

ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የጤና መረጃ ሲስተም ዲኤችአይኤስ2፣ የተሠራው በጃቫ ነው፤ ሃይበርኔትን ይጠቀማል፣ ዳታውንም ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ ያስቀምጣል። በዚህ ሲስተም ላይ ለአንድ የመረጃ ዓይነት ዜሮው እንዲቀመጥ ካልተመረጠ በስተቀር የተላከ ዜሮ አይቀመጥም፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል እንደ ባዶ ይታለፋል። ለአብዛኛው ቁጥር ይህ ምክንያታዊ ነው። በየሳምንቱ ሪፖርት ለሚደረግ በሽታ ግን «ዜሮ ታማሚ» ማለት የታየና የተቆጠረ ነገር ነው፤ ከዝምታ ጋር መቀላቀል የለበትም። ሲስተሙን የሚያዋቅር ሰው ያቺን ምልክት የሚያደርግባት ሳጥን የሶፍትዌር ጉዳይ ብቻ እንዳትመስለው እመኛለሁ።

ጽሑፍ የሚይዙ ዓምዶች ሌላ ባሕርይ አላቸው። ጃንጎ ላይ ለጽሑፍ ዓምድ ነል አለመፍቀድ የተለመደ ምክር ነው፤ አለበለዚያ «የለም» ለማለት ነል እና ባዶ ጽሑፍ ጎን ለጎን ይኖራሉና። ምክሩን እቀበላለሁ፤ አንድ ቦታ ግን ይገለበጣል። ስልክ ቁጥር ዩኒክ (የማይደገም) ይሁን ከተባለና ስልክ የሌላቸው ሁለት እናቶች ቢኖሩ፣ ሁለቱም ላይ ባዶ ጽሑፍ ከተቀመጠ ሁለተኛዋ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ተብላ ትመለሳለች። ነል ከሆነ ፖስትግሬስ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የማይታወቅ ከማይታወቅ ጋር አይተካከልምና። ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን በዩኒክ ዓምድ ላይ አንድ ነል ብቻ ነው የሚፈቅደው። ኦራክል ደግሞ ባዶ ጽሑፍን ራሱን ነል አድርጎ ይቆጥራል። ስማችን ላይም ይህ ይታያል፤ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሦስት ዓምድ ተቀምጠው በፖስትግሬስ የማያያዣ ምልክት ሲገጣጠሙ የአያት ስም ነል ከሆነ ሙሉ ስሙ በጠቅላላ ነል ይሆናል፤ የአያቱ ስም ስላልተሞላ ሰውየው ስም አልባ ሆኖ ይታተማል። የፖስትግሬስ «ኮንካት» ፈንክሽን ነሉን ይዘለዋል፣ የማይኤስኪውኤል ያው ስም ያለው ፈንክሽን ግን አይዘለውም።

የልደት ቀን ላይ የማየው ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ ብዙ ሰው ቀኑን የሚያረጋግጥበት ወረቀት የለውም። ቅጹ ግን «ግዴታ ይሞላ» ይላል። በስደተኝነት አሜሪካ ከገቡ ወገኖቻችን መካከል ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ስንቶች እንዳሉ የማያውቅ አበሻ ያለ አይመስለኝም። ዓምዱ ነል እንዳይቀበል ስለተደረገ ሰው ቀን ፈጠረ፤ የተፈጠረው ቀን ደግሞ ከእውነተኛው ጋር ተቀላቅሎ ከዚያ ወዲያ የሚለየው የለም። ነል ቢሆን ኖሮ ቢያንስ «አልታወቀም» መሆኑ ይታወቅ ነበር። እዚህ ላይ ነልን እደግፋለሁ። ከዚህም የሚሻለው ከቀኑ ጎን ሌላ ዓምድ ማኖር ነው፦ ሙሉ ቀኑ ይታወቃል፣ ዓመቱ ብቻ ይታወቃል፣ በግምት ነው፣ ወይም አልታወቀም። ያን ጊዜ «ከ18 ዓመት በታች የሆኑ እናቶች» የሚል ኩዌሪ ዕድሜያቸው ያልታወቀውን በስም ጠርቶ ለብቻ ሊያሳይ ይችላል።

እኔ ሞዴል ስነድፍ ከእያንዳንዱ ነል የሚፈቅድ ዓምድ ጎን አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ «እዚህ ነል ማለት አልተጠየቀችም ማለት ነው»፣ ወይም «እዚህ ነል ማለት አይመለከታትም ማለት ነው»። ዐረፍተ ነገሩ «ወይም» ካስፈለገው ዓምዱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ ኤድጋር በ1990 ያለያያቸው ሁለቱ ጎደሎዎች ተደራርበዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ትሩ እና ፎልስን ትቼ ተከትባለች፣ አልተከተበችም፣ አልተጠየቀችም፣ አታስታውስም የሚል ምርጫ አስቀምጣለሁ። ይህን የምወስነው ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጬ አይደለም፤ ቅጹን የምትሞላው ነርስ ናት የምታውቀው። ቴስት ላይ ደግሞ አንድ ነል ያለበት ረድፍ ሳይኖር የማጣሪያ ቴስት አልቀበልም፤ ዝርዝሩና ተቃራኒው ተደምረው ከጠቅላላው ቁጥር ጋር መግጠማቸውን የሚያረጋግጥ አንድ መስመርም አለበት።

ያሉትን ነሎች ማጽዳት ሲመጣ ጥድፊያ ያጠፋል። ነል ይቀበል የነበረን ዓምድ እንዳይቀበል ስታደርጉት ጃንጎ ማይግሬሽኑን (ዳታቤዙን የሚለውጠውን ፋይል) ሲያዘጋጅ ይጠይቃችኋል፦ ላሉት ረድፎች የአንድ ጊዜ ዲፎልት ልሙላ፣ ወይስ በእጅ ታስተካክሉታላችሁ፣ ወይስ ልውጣ? ቀኑ መሽቶ ከሆነ የመጀመሪያውን መምረጥ ይቀናል። የእናቶቹ ቀበሌ ላይ እንዲህ ብታደርጉ ግን ቀበሌያቸው ያልታወቀ ሁሉ በአንድ ሌሊት የቀበሌ 01 ነዋሪ ይሆናሉ፤ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድም የለም። ፖስትግሬስ ላይ የተሻለ መንገድ አለ። «ቀበሌ ነል አይሁን» የሚል የቼክ ገደብ «ኖት ቫሊድ» ተብሎ ይጨመራል። ገደቡ ከዚያ ወዲህ የሚገቡትን ይቆጣጠራል፣ የድሮዎቹን ባሉበት ይተዋቸዋል፤ የጎደሉት በስልክም በቤት ለቤት ጉብኝትም እየተጠየቁ ሲያልቁ «ቫሊዴት» ተብሎ ይጸድቃል። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ለነርሶቹ መነገር አለበት፤ ገደቡ የድሮ ረድፍ ሲታረምም ይሠራል። የአንዲትን እናት ስልክ ቁጥር ለመቀየር የሞከረች ነርስ ቀበሌዋን ሳትሞላ ሴቭ ማድረግ አትችልም። ስለዚህ ከገደቡ በፊት ቅጹ ላይ ቀበሌውን የሚጠይቅ ግልጽ መልእክት ይቀመጥ፣ እናትየዋ ፊት ለፊቷ ባልተቀመጠችበት ሰዓት የምታርም ነርስ የምትመርጠው «ገና አልተጠየቀም» የሚል አማራጭም ከቀበሌዎቹ ዝርዝር በታች ይኑር።